ቦታ ሲያልቅ ተራ ይጀምራል

ኦስትሪያ ውስጥ፣ በተራራና በሐይቅ መሀል፣ ሃልሽታት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ለብዙ ዘመን ሰው ሲሞት መቃብሩን ለዘላለም አያገኝም ነበር። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያርፍበታል፤ ከዚያ መቃብሩ ይከፈታል፣ አጽሙ ይወጣል፣ ቦታው ለሚቀጥለው ሟች ይለቀቃል። የወጣው የራስ ቅል ደርቆና ነጥቶ ስም ይጻፍበታል፣ አበባ ወይም ቅጠል ይሳልበታል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለች ትንሽ የአጽም ቤት ውስጥ ከዘመዶቹ ጋር ይደረደራል። ዛሬ እዚያ 1,200 ያህል የራስ ቅል አለ፤ ከ600 በላይ የሚሆኑት ሥዕል አለባቸው። የመጨረሻው የገባው በ1995 ነው። በ1983 ያረፈች ሴት ናት፤ እዚያ እንድትቀመጥ ራሷ ተናዛ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚው ይህን ሲያይ ወይ ያማትባል ወይ ሰልፊ ይነሳል። ለከተማው ሰው ግን ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ተራራው ወደ ሐይቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በሁለቱ መሀል የቀረችው ቁራጭ መሬት ለቤት እንኳን አልበቃችም፣ ለመቃብር ከየት ይመጣል? ስለዚህ መቃብሩን ማስፋት ሲያቅታቸው በጊዜ ከፋፈሉት።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ ተራ። መርካቶ ውስጥ ሸራ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዶሮ ተራ እንላለን፤ እዚህ ጋ ተራ ቦታ ነው። የታክሲ ተራ፣ የእቁብ ተራ፣ "ተራህን ጠብቅ" ስንል ደግሞ ጊዜ ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ይይዛል። የሃልሽታት ታሪክ ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ትርጉም ወደ ሁለተኛው የመሄድ ታሪክ ነው። ቦታ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደ ጊዜ ይሄዳሉ። በመቃብር ተጀመረ፤ ዛሬ በአውቶቡስ ቀጥሏል።

እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ፣ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የሥራዬ ግማሽ ወረፋ ማስተዳደር ነው፦ አንድ ሰርቨር ከአቅሙ በላይ ጥያቄ ሲመጣበት ማንን እናስገባ፣ ማንን እናስጠብቅ፣ ማንን ከበር እንመልስ? ይህችን ከተማ የወደድኳት ለዚህ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ እሷ ጋ ግን መልሱ በድንጋይና በአስፋልት ተጽፏል።

መንገድ የሌላት ከተማ

ሃልሽታት ላይ ሰው የሰፈረው ለእይታው ብሎ አይደለም፣ ለጨው ነው። ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ጨው ይዟል፤ ሰዎች ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሲቆፍሩት ኖረዋል። በ2003 በማዕድኑ ውስጥ የተገኘ የእንጨት ደረጃ እንጨቱ ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1344 ዓመት ግድም የተቆረጠ ሆኖ ተገኝቷል። በ1846 ደግሞ ዮሃን ጌኦርግ ራምዛወር የሚባል የማዕድኑ ኃላፊ ተራራው ላይ ትልቅ ጥንታዊ መካነ መቃብር አገኘ፤ እስከ 1863 ድረስ 980 ያህል መቃብሮችን አስቆፍሮ አስመዘገበ። የአውሮፓ የመጀመሪያው የብረት ዘመን በአርኪዮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ "የሃልሽታት ባህል" የሚባለው በዚህች ከተማ ስም ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ከተማ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የጋሪ መንገድ አልነበራትም። የሚገባው ሰው ወይ በጀልባ ነው ወይ በቀጭን የእግር መንገድ። ቤቶቹ እርስ በርስ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በሐይቁ በኩል በጀልባ፣ ወይም በላይ በኩል በቤቶቹ ቆጥ ውስጥ በሚያልፍ መተላለፊያ ነበር። አስቡት፦ የከተማው "ዋና መንገድ" በጎረቤት ጣሪያ ሥር ያልፋል። በዓል ሲሆን እንኳ የካቶሊኮቹ ሥርዓተ ዑደት በመሬት ላይ ቦታ ስለማይበቃው በጀልባ ሐይቁ ላይ ይካሄዳል። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ጨዉ እንዴት ይወጣ ነበር? የዚህች ከተማ የመጀመሪያው ትልቅ የትራንስፖርት ውሳኔ እዚህ ላይ ነው። ጨው ለማግኘት የጨው ውሃ ይፈላል፤ ለማፍላት ማገዶ ያስፈልጋል፤ በሃልሽታት ዙሪያ ያለው ደን ደግሞ ለዚህ አልበቃም። ሁለት ምርጫ ነበር፦ እንጨቱን ወደ ጨዉ ማምጣት፣ ወይም ጨዉን ወደ እንጨቱ መውሰድ። ሁለተኛውን መረጡ። ከ1595 እስከ 1607 ባሉት ዓመታት ውስጣቸው የተቦረቦረ 13,000 ያህል ግንዶችን አገጣጥመው የጨው ውሃውን 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ኤበንዜ የሚወስድ ቱቦ ሠሩ። በዓለም ከሚታወቁት የኢንዱስትሪ ቱቦዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው ይባላል።

ሥራው ጀግንነት ብቻ አይምሰላችሁ። የጠበበ ቦታ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ "እንዴት እናስፋው?" ሳይሆን "ለመሆኑ እዚህ መግባት ያለበት ምንድን ነው?" መሆኑን ያስተምራል። ማገዶ የጫነ ሁሉ ወደ ጠባቧ ከተማ መምጣት ካልነበረበት፣ ባይመጣ ይሻላል።

እሳት፣ ባቡር፣ ድንጋይ

በ1750 ከባድ እሳት የከተማውን መሀል በላው። ቤቶቹ እንጨት ናቸው፣ ተጣብቀዋል፤ እሳቱን የሚያቆም ክፍት ቦታ የለም። ከእሳቱ በኋላ የጨው ማፍያው ከመሀል ከተማው ወጥቶ ላን ወደምትባለው፣ ወንዝ ባመጣው ደለል ላይ ወደተኛች ደልዳላ ሰፈር ሄደ። ላንን ልብ በሉ፤ ቆይታ ትመለሳለች። በዚህች ከተማ ሜዳ የሚባል ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘመን ትልቁን ዕቃውን የሚያስቀምጠው ላን ላይ ነው።

በ1877 ባቡር ደረሰ፤ ግን ከሐይቁ ማዶ። ሐዲድ የሚዘረጋበት ቦታ የነበረው በምሥራቁ ዳርቻ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በባቡር የሚመጣ ጎብኚ ማዶ ወርዶ በጀልባ ይሻገራል። በዚያን ጊዜ ለከተማው ሰው ይህ መጉላላት ሳይመስለው አልቀረም። እኔ ግን ከሁሉም መንገዶች የተሻለው ይሄ ነው እላለሁ። ጀልባው የራሱ ልክ አለው። የሚይዘውን ያህል ይጭናል፣ ይሻገራል፣ ይመለሳል። የቀረው ሰው ዳርቻው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም ሰው ሕግ ሳያወጣ፣ ማንም ካሜራ ሳይተክል፣ ተራ በራሱ ተፈጠረ።

በ1890 የመጀመሪያው መንገድ በምዕራቡ ዳርቻ ተከፈተ። በከፊል አለቱ በፈንጂ እየተፈለጠ የተሠራ ነው። ጀልባና መንገድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መንገድ ልክ የለውም። ማለቴ፣ አለው፤ ግን ልኩን የምታውቀው ከሞላ በኋላ ነው። ጀልባ ሲሞላ የመጨረሻው ሰው ዳርቻ ላይ ይቀራል። መንገድ ሲሞላ የመጨረሻው ሰው መሀል ላይ ይቀራል፤ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አለ።

መኪና ሲመጣ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መኪና ሲበዛ ያ ለጋሪ የተሠራ መንገድ በአሮጌው አደባባይ ውስጥ ማለፍ ጀመረ። በአንድ በኩል የቤት ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ሌላ የቤት ግድግዳ። ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይሄ ለአንድ ሁለት መኪና ቀልድ ነው፤ ለበጋ ቅዳሜ ግን አይሆንም።

ብዙ ከተሞች በዚህ ሰዓት ያደረጉትን እናውቃለን፦ ቤት ያፈርሳሉ፣ መንገድ ያሰፋሉ። ሃልሽታት ቤት ብታፈርስ የሚቀራት ነገር የለም። ስለዚህ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተራራውን በስተው ከከተማው ጀርባ የሚያልፍ የመንገድ ዋሻ ሠሩ፤ ከዋሻው ጋርም ተያይዞ መኪና የሚቆምበት ሰገነት። አላፊው መኪና በተራራው ሆድ ውስጥ ያልፋል፣ አደባባዩ ለእግረኛ ይቀራል። ዛሬ በፎቶ የምናያት ጸጥ ያለችው ሃልሽታት የዚያ ዋሻ ልጅ ናት። ዋሻው ባይኖር ኖሮ የዚያ ታዋቂ ፎቶ መሀሉ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ይኖር ነበር።

ዋሻው ግን አንድ ችግር ፈትቶ ሌላ ወለደ። ማለፍ የፈለገው አለፈ፤ ማየት የፈለገው ግን አሁን በቀላሉ መድረስ ቻለ። መድረስ ሲቀል የሚመጣው ይበዛል፤ የሚመጣው ሲበዛ መቆሚያ ይጠይቃል። መቆሚያው የት ይሁን? ላን ላይ። የጨው ማፍያው ተገፍቶ የሄደባት ያቺ ሜዳ ቀስ በቀስ የመኪናና የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። መኪና ማቆሚያ መንገድ ዳር ያለ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ የትራፊኩ በር ራሱ ነው። መቆሚያ ያላገኘ ሾፌር ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ይዞራል። በጠባብ ከተማ ውስጥ መቆሚያ ፍለጋ የሚዞር መኪና ከቆመው መኪና የባሰ ቦታ ይይዛል። ሃልሽታት ይህን ስለገባት ማቆሚያዎቿን በቁጥር ከፋፍላ፣ አንዱን ለሆቴል እንግዳ፣ ሌላውን ለቀን ጎብኚ ሰጥታ፣ የአሮጌውን ከተማ መሀል በቀን ለውጭ መኪና ዘጋች። ሲሞላ መግቢያው ላይ ያለው ምልክት "ሞልቷል" ይላል። ከውስጥ ከመዞር ከውጭ መመለስ ይሻላል።

ሩብ ክፍለ ዘመን ውስጥ

በ1997 ሃልሽታትና የዳኽሽታይን ተራራ አካባቢዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኑ። በ2006 ከፊሉ እዚያ የተቀረጸ አንድ የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማ ታየ። በ2012 ደግሞ ለማመን የሚከብድ ነገር ሆነ፦ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት፣ ሁይዦ አጠገብ፣ አንድ የማዕድን ኩባንያ የሃልሽታትን ቅጂ አስመርቆ ከፈተ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ አደባባዩ፣ ቤቶቹ፣ ሁሉም። ሃልሽታቶች ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ግን ከንቲባው ለምርቃቱ ሄደ። ቅጂውን ያየ ሰው ዋናውን ማየት አማረው። ከዚያ ኢንስታግራም መጣ፤ ከዚያ ሃልሽታት የአንድ የዲዝኒ ፊልም ከተማ መነሻ ናት የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ለአውቶቡሱ ምንም ለውጥ የለውም።

ቁጥሩን እንይ። በ2014 ወደ ከተማዋ የገቡ የጎብኚ አውቶቡሶች 8 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2019 ከ21 ሺህ አለፉ። የነዋሪው ቁጥር ደግሞ ከ800 በታች ነው። በበጋ በጣም በሚበዛበት ቀን እስከ 10 ሺህ ሰው ይመጣል ይባላል፤ ለአንድ ነዋሪ 13 እንግዳ ማለት ነው። መጠኑ እንዲገባችሁ፦ የአዲስ አበባን ሕዝብ 4 ሚሊዮን ብንለው፣ በአንድ ጠዋት 50 ሚሊዮን ሰው ለሽርሽር መጥቶ ማታ እንደሚመለስ ማለት ነው። ሽንት ቤት የሚጠይቀው ያ ሁሉ ሰው ነው። የሚጥለው ፌስታልም የዚያ ሁሉ ሰው ነው።

የመንገዱን ዕዳ ማን ይከፍላል?

ስለ ቱሪዝም ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ነገር አስፋልት ነው። አስፋልት ይደክማል፤ የሚደክመው ደግሞ በመኪና ብዛት አይደለም፣ በክብደት ነው።

ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካኖች በኢሊኖይ ግዛት የተለያየ ውፍረት ያላቸው መንገዶችን ሠርተው ጭነት መኪናዎችን ለሁለት ዓመት ያህል ቀን ከሌት ነዱባቸው። መንገዱ መቼና እንዴት እንደሚሰባበር መዘገቡ። ከዚያ የወጣው ሕግ እስከ ዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች መነሻ ነው፦ አንድ አክስል መንገዱን የሚጎዳው በግምት በክብደቱ አራተኛ ኃይል ነው። ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ቶን የሚጫን የቤት መኪና አክስልና አሥር ቶን የሚጫን የአውቶቡስ አክስል ብናወዳድር፣ ልዩነቱ አሥር እጥፍ አይደለም፤ አሥር ሺህ እጥፍ ነው።

ሕጉ ግምት ነው፤ እንደ መንገዱ ዓይነት ይለያያል። ቢሆንም መልእክቱ አይለወጥም። ለአስፋልቱ የቤት መኪኖቹ ሁሉ ተደምረው ከጥቂት አውቶቡሶች ያነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ሃልሽታት የአልፕስ ከተማ ናት። በአስፋልቱ ስንጥቅ የገባ ውሃ በክረምት ሲበርድ በረዶ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝም በመጠኑ ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ ስንጥቁን ይገፋዋል። በጸደይ ይቀልጣል፣ ሥሩ ባዶ ይቀራል። ከዚያ አውቶቡስ ይመጣል። ጉድጓድ የሚወለደው እንዲህ ነው።

እሺ፣ ጉድጓዱን ማን ይደፍናል? የከተማው ውስጥ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የ800 ሰዎች ነው። አውቶቡሱ ከሌላ ትልቅ ከተማ ይነሳል፣ ጎብኚው እዚያው ምሳውን በልቷል፣ ማታም እዚያው ያድራል። ሃልሽታት ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነበር፦ ፎቶ፣ ሽንት ቤት፣ ምናልባት አይስክሬም። ትርፉ ሌላ ቦታ ቀረ፤ አራተኛው ኃይል ግን እዚህ አስፋልት ላይ አረፈ። በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ በሽታ ነው፦ አንዱ ሰርቪስ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ሌላው ሰርቪስ ጭነቱን ይሸከማል። መድኃኒቱ ምስጢር አይደለም። ጭነት የሚያመጣው አካል በሩ ላይ እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ተራ አስከባሪው

በ2020 ሃልሽታት ያንን በር ተከለች። ከዚያ ወዲህ የጎብኚ አውቶቡስ ዝም ብሎ አይመጣም፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ሰዓት ይይዛል፣ ይከፍላል፣ በተሰጠው ሰዓት ላን ላይ ወዳለው መናኸሪያ ይገባል። ሰዓት ያልያዘ አይገባም። ዓላማው የአውቶቡሱን ቁጥር በሦስተኛ ገደማ መቀነስ ነበር። አንድ ተጨማሪ ሕግም አለ፦ የያዘው ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል መቆየት አለበት።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ድረ ገጽ ያለው መሆኑ ብቻ ነው። ግን የሁለት ሰዓት ተኩሉ ነገር ግራ ያጋባል። ሰው በዛብን እያሉ ለምን "ቶሎ እንዳትሄዱ" ይላሉ?

በወረፋ ሒሳብ ውስጥ ጆን ሊትል የተባለ ሰው በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ቀመር አለ፦ በአንድ ቦታ ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ብዛት በሰዓት የሚገባው ቁጥር በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ ነው። በቃ፣ ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስገባ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። በአሥር ሰዓት ቀን ውስጥ 100 አውቶቡስ ይመጣል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ይቆያል እንበል። በሰዓት 10 ሲባዛ በ1፣ በአንድ ጊዜ 10 አውቶቡስ ቆሟል። አሁን በተራ 50 ብቻ አስገባን፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ። በሰዓት 5 ሲባዛ በ2.5፣ 12 ተኩል።

ልብ አላችሁ? አውቶቡሱ በግማሽ ቀንሶ የቆመው አውቶቡስ ጨመረ። አደባባዩ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሰውም እንደዚያው። ታዲያ ምን ተገኘ? መንገዱ ተገኘ። 200 ጊዜ መግባትና መውጣት የነበረው 100 ሆነ፤ የአስፋልቱ ድካም በግማሽ ወረደ፤ በሩ ላይ የነበረው የአውቶቡስ ሰልፍ ጠፋ። የሚቆየው ሰውም ምሳ ይበላል፣ ወደ ጨው ማዕድኑ ይወጣል፣ በጀልባ ይሄዳል፣ ገንዘቡን እዚህ ያወጣል። በጥቂቱ መግባት፣ በደንብ መቆየት፣ እዚሁ መክፈል። ጥሩ ንድፍ ነው። የተነደፈው ግን ለመንገዱና ለገንዘብ ሳጥኑ ነው። ለአደባባዩ ጸጥታ አይደለም።

የቤቱ ባለቤቶች

ለዚህ ይመስለኛል ተራው ከተጀመረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2023 ላይ፣ ነዋሪዎች ራሳቸው ወጥተው ዋሻውን የዘጉት። ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ። "ቱሪዝም አዎ፣ የጅምላ ቱሪዝም አይሆንም" የሚል ነበር መልእክታቸው። የጠየቁት የቀን ጎብኚ ቁጥር ጣሪያ እንዲኖረው፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላም አውቶቡስ እንዳይመጣ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ታዋቂው ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ላይ እይታውን የሚጋርድ የእንጨት አጥር ተክሎ ነበር፤ ሰው በኢንተርኔት ሲጮህበት ወዲያው አነሳው።

ዋሻውን መምረጣቸው ዝም ብሎ አይደለም። አያቶቻቸው አደባባዩን ለማዳን በዋሻ ተገላገሉ፤ የልጅ ልጆቹ ጩኸታቸውን ለማሰማት ያንኑ ዋሻ ዘጉ። ከተማው አንድ ቧንቧ ብቻ አለው፤ ቧንቧውን የያዘ ሁሉ ይደመጣል።

በሩ የአውቶቡስ በር ነው። በግል መኪና የሚመጣው ማቆሚያ እስካለ ይገባል፤ በባቡርና በጀልባ የሚመጣው ጀልባው በቻለው መጠን ይገባል። ሦስት በር ያለው ቤት አንዱን ብቻ ቆልፎ ተኛ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሺህ በላይ የነበረው ነዋሪ እየቀነሰ መጥቷል። ቤት ለእንግዳ ሲከራይ ለጎረቤት ልጅ አይከራይም። ሁሉም ከወጣ በኋላ በጣም ጥሩ የትራፊክ ሥርዓት ያላት፣ ማንም የማይኖርባት ከተማ ትቀራለች። ቻይና ውስጥ ያለችው ዓይነት።

እና ለእኛስ?

ላሊበላ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1978 ነው፤ ከሃልሽታት 19 ዓመት ቀድማ። ገና በመጣ ቁጥር ከነዋሪዋ ብዙ እጥፍ የሚሆን ምዕመን ይጎርፋል፤ ብዙው በእግሩ። የከተማው ሰው የእንግዳውን እግር አጥቦ ይቀበላል። ይሄ ከየትኛውም የኢንተርኔት ቀጠሮ የቀደመ መስተንግዶ ነው፤ እንግዳውን ቀድሞ የሚጠብቅ ባለቤት መኖሩን ያሳያል። ግን ላሊበላም የራሷ ዋጋ አላት። አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠበቅ ሲባል በዙሪያቸው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ተነስተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ቅርሱ ቦታ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚለቅቀው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምሳሌ አያስፈልግም።

ወንጪን ደግሞ እዩ። በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዷ ናት። በ2020 በተጀመረው ገበታ ለሀገር ደግሞ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከሦስቱ ፕሮጀክቶች አንዷ ሆነች። ድሮ ሰው እሳተ ገሞራው ወደፈጠረው ሐይቅ የሚወርደው በእግር ወይም በሰፈሩ ሰው ፈረስ ነበር። ፈረስ ልክ እንደ ሃልሽታት ጀልባ ነው፦ ልኩን ያውቃል፣ ተራ ይፈጥራል፣ ክፍያውም ከባለፈረሱ ኪስ አይርቅም። አስፋልት ሲመጣ ይህ ሁሉ እንደ አዲስ መታሰብ አለበት፤ አስፋልት በራሱ ልክ የለውምና።

መንገድ አይሠራ እያልኩ አይደለም። መንገድ የሌለው መንደር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ እሷን "ቅርስሽ እንዳይበላሽ" ማለት አይቻልም። የምለው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሃልሽታት መጀመሪያ መንገድ ሠራች፣ ከዚያ ዋሻ፣ ከዚያ ማቆሚያ፣ ከዚያ 130 ዓመት ቆይታ ተራ። እያንዳንዱን ያደረገችው ያለፈው ሲሞላባት ነው። እኛ ገና መንገዱን እየሠራን ያለንባቸው ቦታዎች አንድ ዕድል አላቸው፦ ተራውን ከአስፋልቱ ጋር አብሮ መንደፍ። ትልቁ አውቶቡስ የት ድረስ ይምጣ? ከዚያ ወዲያ በምን ይኬድ? በቀን ስንት ሰው ይግባ? የማቆሚያው ገንዘብ ስንት በመቶ ለዚያው መንገድ ጥገና ይመለስ?

እነዚህ ጥያቄዎች ቴክኒካዊ ይመስላሉ፤ ለነገሩ ናቸውም። ኮዱን መጻፍ ቀላል ነው፤ የሃልሽታትን ዓይነት የቀጠሮ ሥርዓት ሁለት ጥሩ ልጆች በጥቂት ወራት ይሠሩታል። ኮዱ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። ተራ ካለ ተራ አስከባሪ አለ፤ ደብተሩን የሚይዘው ማነው? ከሩቅ ያለ መሥሪያ ቤት፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ ወይስ መስኮቱን ሲከፍት አውቶቡሱ ፊት ለፊቱ የሚቆምበት ሰው? ሃልሽታት ውስጥ የድሮ ሰዎች የመቃብር ተራ ሲሰጡ ደብተሩ በእነሱ እጅ ነበር። ለራሳቸውም ያው ተራ እንደሚደርሳቸው ያውቁ ነበር።